የደበቅሁት ጥርስ

ዘንድሮ በሳይንስ ክበባችን ስለ ጥርስ ጤና እንድናጠና በታዘዝን ጊዜ፣ ለእኔ የደረሰኝ «ሰው የጥርስ ሐኪም ለምን ይፈራል?» የሚለው ክፍል ነበር። ጓደኞቼ አላወቁም እንጂ፣ እኔው ራሴ የታመመ መንጋጋ ጥርሴን በቅርንፉድ እያስታገስሁ 8 ወር ደብቄ ነበር።

ኖርማን ኮራ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ይህን ፍርሃት የሚለኩ 4 ጥያቄዎች አሳትሟል። ነገ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ፣ ተራህን ስትጠብቅ፣ ወንበሩ ላይ ሆነህ መሰርሰሪያው ሲዘጋጅ፣ ጥርስህን ለማጽዳት መሣሪያው ሲወጣ ምን ይሰማሃል? ይላሉ። ድምሩ ከ4 እስከ 20 ነው፤ 15ና ከዚያ በላይ ብርቱ ፍርሃት ነው። እኔ 18 አገኘሁ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ፍርሃት ያዘገያል፤ መዘግየት ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ሕመሙም ሲበረታ ፍርሃቱ ይብሳል። ሄጄ ለሐኪሟ መፍራቴን ነገርኋት። «ሲጨንቅህ እጅህን አንሣ፤ አቆማለሁ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነሣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አቆመች። ጥርሴ ግን ከመሞላት አልፎ ስለ ነበር ተነቀለ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ፍርሃቱን የደበቀም እንደዚያው ነው።