ይድረስ ለእትዬ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ታናሻችንን «ስልክ እንኳ አይደውልም» እያልሽ ታሚው ነበር፤ አኗኗሩን ሳይ ፈረድኩለት። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ነው የሚገባው። እኔን የሚያዞረኝ ልጁ ነው። አማርኛ አንድም አያመልጠውም፤ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ያ ጥርሴ እዚህም አልተወኝም። ሳልመጣ ንቀለው ስትይኝ አልሰማሁሽም፤ በዶላር ተነቀለልኝ። ክሊኒኩ መጀመሪያ ፎርም ሰጠን። ስም፣ ዕድሜ፣ የስኳር በሽታ አለብህ ወይ፤ ቀጥሎ «ዘር» ይላል። ሳጥኖች ተደርድረዋል፦ ነጭ፣ እስያዊ፣ ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን፣ ሌላ። ጠይም የሚል ፈለግሁ። ቀይ ዳማም የለም። «ሌላ» የምትለዋ ላይ «ሀበሻ» ብዬ ልጽፍ ስል ልጁ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያ ሲያወጣልን «ብሔር?» ብሎ እስክሪብቶውን አንጠልጥሎ ሲጠብቅ ይሰማኝ የነበረው ነገር ነው የተሰማኝ። በኋላ እንደተረዳሁት የአሜሪካ መንግሥት ቦታችንን ቀድሞ ወስኖታል። እ.ኤ.አ. በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ፎርም «ጥቁር» ከሚለው ሥር በምሳሌነት ከተዘረዘሩት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ጥቁር አሜሪካዊ ወንድ፣ በተለይ ጎልማሳው፣ ሲያልፈኝ አንገቱን ሰበር ያደርግልኛል። የመጀመሪያ ቀን የማውቀው ሰው መስሎኝ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ስለ ቤተሰቡ ልጠይቀው ሁሉ ነበር። ሰውዬው ግራ ገባው፤ ቢሆንም በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ልጁ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ ብቻ ነው» አለኝ። እንደ ነገረኝ ከሆነ ነጭ በበዛበት ቦታ ይብሳል፤ «አየሁህ» እንደ ማለት ነው። አሁን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም እቀድማቸዋለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከልጁና ከታናሻችን ጓደኞች ጋር የሀበሻ ካፌ ገብተን ተሰለፍን። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ አለ፤ ሳንቲም ከኪሱ እያወጣ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከኛ አንዱ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ «ይሄ ጥቁር ቶሎ አይልም እንዴ?» አለ። ሰውዬው ዞረ። «ጥቁር?» አለ በአማርኛ። «ጥ»ን «ት»፣ «ቁ»ን «ኩ» አላደረጋቸውም፤ እንደኛው ጠበቅ አድርጎ ነው ያወጣቸው። «አንተስ ምንድነህ?» ለካ ሃያ ዓመት ከኛ ልጆች ጋር ፓርኪንግ ሠርቷል። ሂሳቡን ከፈለ፣ ማኪያቶውን ያዘ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎን ወጣ። ጓደኛችን ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ጀመረ።

እዚህ ያለው ሰዋችን ሲያወራ ዓለም ሦስት ነው፦ ሀበሻ፣ ጥቁር፣ ፈረንጅ። ቴዲ አፍሮ እምዬ ምኒልክን «ጥቁር ሰው» ብሎ ሲዘፍን ደረታችንን ነፍተን አብረን የዘፈንን ሰዎች ካፌ ሰልፍ ላይ ስንደርስ ጥቁር ሌላ ሰው ይሆንብናል።

ልጁ ነገሩን ለአባቱ አልነገረም። እሑድ ግን ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ወሰደኝ። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ተቃጠለ፤ ለዓመታትም እንደ ተጎዳ ኖረ። የኛ ሰዎች ኋላ መጥተው ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሳ ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ይህን አዲስ አበባ ሆኜ ብሰማ «ቅናት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ልጁ ግን ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ቅድመ አያቶችህ የኖሩበትን ሰፈር ትናንት የመጣ ሰው በራሱ ስም ቢጠራው ዝም ትላለህ?» እኔ ቦሌ ላይ እንኳ ዝም አልልም።

ከዚያ ወጣ ብሎ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው እዚያ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አግብቶ፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሳንቲም የሚያዋጡለት እነዚሁ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ልጁ ሌላም ነገረኝ። እስከ እ.ኤ.አ. 1965 ድረስ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የመደበችው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ሕጉ የተለወጠው በሲቪል መብት ትግሉ ማግስት ነው። ዛሬ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ሳነብ ኩራት ኩራት ይለኛል፤ በሩን በእጁና በእግሩ ደብድቦ ያስከፈተልን ግን ምናልባት የዚያ ሽማግሌ አባት ነው።

ታናሻችን ይህ ሁሉ አይገባውም እንዳትይ። ልጁ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ ፖሊስ ሲያስቆምህ ሁለቱም እጅህ መሪው ላይ ይሁን፣ ወረቀት ከማውጣትህ በፊት አስፈቅድ ብሎ አሥር ጊዜ አስደግሞታል። የፖሊሱ ዓይን ሀበሻና ጥቁር ብሎ እንደማይለይ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ማታ ቤት ሲገባ «ጥቁሮቹ እንዲህ አደረጉ» ይላል።

እትዬ፣ ከቅዳሜ ወዲህ አንቺን ነው የማስበው። እማዬ «ጥቁሬ» ስትልሽ ፍቅሯ ነበር፤ እኛም ተከትለን ጠራንሽ። ሽማግሌ የተላከ ቀን ግን አክስታችን «ጥቁር ትሁን እንጂ መልከ ቀና ናት» ስትል ከጓዳ ሆነን ሰምተናል። ያቺ «እንጂ» ምን እንደምትል ያኔ አልገባኝም። የሳቅሁ ይመስለኛል። አንቺ ረከቦቱን አንስተሽ ገባሽ፤ ቡናውን ስትቀጂ እጅሽ ተንቀጥቅጦ ሲኒው ሲንቀጫቀጭ የሰማሁት ይመስለኛል። ወይም አሁን ጨምሬበት ይሆናል።

ጠይቄሽ አላውቅም። ስልክ ላይ «ተወው፣ የድሮ ነገር» ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት። መልስሽን ሰው ስታገኚ በእጁ ላኪልኝ። ለልጁም በሶ ጨምሪበት፤ የአባቴ አገር ምግብ ነው እያለ ለጓደኞቹ በጥብጦ ሊያጠጣቸው ነው።

ወንድምሽ