ሕፃንና መቃጥን

ሕፃን ልጅን ዓሣ ማጥመድ ማስተማር ለብዙ ሰው የጨዋታ ነገር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ነገሩ ተራ ጨዋታ አይደለም፤ በግ ሲታረድ ልጆች ከሩቅ ሆነው ያያሉ እንጂ ቢላዋ አይጨብጡም፤ በመቃጥን ግን የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ ሕይወት ያለውን ፍጥረት በገዛ እጁ ከውሃ አውጥቶ ሲሞት ያያል። ስለዚህ ልጁን ወደ ውሃ ዳር የሚወስደው ሰው ስለ ዘንጉና ስለ ክሩ ከማሰቡ በፊት፣ ልጁ በጠየቀው ጊዜ ምን ብሎ እንደሚመልስለት ሊያስብ ይገባዋል።

በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር አንድ የጽሕፈት ሠራተኛ የሰባት ዓመት ወንድ ልጁንና የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጣና ወረደ። እርሱ ራሱ ከደጋ አገር የመጣ ሰው ስለ ነበረ መቃጥን ጨብጦ አያውቅም። ስለዚህ ከነገደ ወይጦ ወገን የሆነ፣ ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማጥመድ የሚኖር አንድ ሽማግሌ እንዲያስተምራቸው ለመነው። ነገደ ወይጦ ደንገል አስሮ ታንኳ መሥራትን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ ሲሆን፣ ጎረቤቶቹ ግን ስለ ምግቡና ስለ ሥራው ለረዥም ዘመን ሲንቁት ኖረዋል፤ ዛሬም ንቀቱ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አያስደፍርም። አባትየው ልጆቹን «የአባባን ጉልበት ሳሙ» ባላቸው ጊዜ ሽማግሌው ያልጠበቀው ነገር ሆነበትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ልጆቹ ግን ተከትለው ሳሙት።

ሽማግሌው ዘንግ አላስያዛቸውም። አስቀድሞ በደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸውና ውሃውን እንዲያዩ አዘዛቸው፤ ጥላቸው በውሃው ላይ እንዳይወድቅ፣ ዓሣ ጥላ ሲያይ ይሸሻልና፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞረው። ከዚያ በኋላ ቀጭን ሸምበቆ፣ ክርና ታናሽ መቃጥን አመጣ። በመቃጥኑ ጫፍ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ሹል ጥርስ በጉጠት ጨፍልቆ አጥፍቷት ነበር፤ ይኸውም የልጅ ጣት ቢወጋ በቀላሉ እንዲወጣ፣ ዓሣውም መለቀቅ ቢኖርበት አፉ እንዳይቀደድ ነው። በክሩ ላይ የደረቀ የደንገል አገዳ ቁራጭ አሰረ፤ እርሱ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሲወዛወዝ ዓሣ መንካቱ ይታወቃል። ለመብሉም ሊጥ አደረገ።

ወደ ውሃው መግባትንም ከለከላቸው። በጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ በሽታ አለ፤ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አይጠፋም። አምባዛ ቢይዙ እንዳይነኩት ነገራቸው፤ በጎንና በጎኑ ክንፍ ላይ ያለው እሾህ ክፉኛ ይወጋል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሴቲቱ ልጅ ሰልችቷት ተነሥታ ጠጠር ትለቅም ጀመር። አባቷ ሊቈጣ ሲል ሽማግሌው «ተዋት፤ የመጣችው እርሷ ናት ወይስ አንተ?» አለው። በውነቱ ብዙ አባቶች ልጆቻቸውን ለማስተማር እየመጡ ዓሣው የሚያምራቸው ለራሳቸው ነው፤ የሕፃን ትዕግሥት በትልቅ ሰው ትዕግሥት ከተመዘነ ግን ልጁ ከዓሣው ይልቅ አባቱን ይፈራል።

ኋላም ሽማግሌው ማታ የጣለውን መረብ ሊያነሣ ሄደ፤ ልጆቹም ከዳር ሆነው ያዩ ነበር። ከወጡት ዓሦች አንዲቱ ቆሮሶ አፏን በከፈተች ጊዜ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ዓይኖች ያሏቸው ብዙ ጥቃቅን ዓሦች ፈሰሱ። ልጅቷም ጠጠሯን ጥላ ሮጠችና «እናታቸው በላቻቸው!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ግን አልበላቻቸውም፤ ቆሮሶ ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጠላት ሲመጣ በአፏ ትሰበስባቸዋለች፤ በዚያም ወራት አትበላም ብሎ አስረዳት። ብዙዎች የጴጥሮስ ዓሣ የሚሉት በገሊላ ባሕር የሚገኘው ዓሣም ከዚህ ወገን ነው፤ እርሱም ልጆቹን በአፉ ይጠብቃል። በወንጌል መረብ ደጋግሞ ሲነሣ መቃጥን የተነሣው ጴጥሮስ ለግብር የሚሆን ገንዘብ ከዓሣ አፍ እንዲያወጣ በተላከ ጊዜ ብቻ መሆኑን የሚያስተውል ሰው፣ ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ሽማግሌው እጁን አርሶ እናቲቱን ከነልጆቿ ጸጥ ወዳለው ውሃ መለሳት። ወንዱ ልጅ ይህን አይቶ «ሌሎቹንስ አትመልሳቸውም?» ሲል ጠየቀ። አባትየው የሚለው ጠፋው። ሽማግሌው ግን «እነዚያ የልጆቼ ራት ናቸው» አለ። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ ዓሣ አያመውም ብሎ ከማታለልም፣ ረዥም ስብከት ከመስበክም ይሻላል።

የሚመለሰውንና የማይመለሰውን መለየት በጣና ላይ የልጅ ነገር ብቻ አይደለም። በዚህ ሐይቅ ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች አሉ። ከእነርሱም ገሚሶቹ ያህል በክረምት እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ከነዕንቍላላቸው ያፍሳቸዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሐይቁ ከገባ በኋላ ይህ ወገን እጅግ ተመናመነ። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚፈልግ ሰው መብዛቱም መረቡን ያበዛዋል። ለትልቅ አጥማጅ ስለ ወራቱ ሕግ ማስረዳት ይቸግራል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን የዓሣዪቱን አፍ ካየ በኋላ ማስረጃ አያሻውም።

ከቀትር በፊት ወንዱ ልጅ በመቃጥኑ ሁለት ቆሮሶ ያዘ። አንዱ ከሽማግሌው መዳፍ ስላነሰ ተመለሰ። ሁለተኛውን ግን ሽማግሌው በአየር ታፍኖ እንዳይሠቃይ ወዲያው ራሱን በዱላ መታው፤ ልጁም ፊቱን አላዞረም። ያጠመደ ይብላ ተብሎ በቤት ተጠብሶ ቀረበለትና እሾሁን እየለቀመ በላው።

ሴቲቱ ልጅ አልበላችም፤ ያስገደዳትም የለም። በማግሥቱ ጉንጮቿን ነፍታ አፏን ዘግታ በግቢው ውስጥ ስትዞር ዋለች። እናቷ ምን እንደ ያዘች ብትጠይቃት፣ አፏን ሳትከፍት በጣቷ ወደ ጉንጮቿ እያመለከተች ዝም እንድትል ታሳያት ነበር።