ዘይቱን አይተኸዋል?

ስማዳ ሳድግ ትራክተር አላየሁም። አገሩ ዳገትና ገደል ነው፤ ሞፈርና ቀንበር እንጂ ጎማ አይወደውም። ትራክተርን ያወቅሁት በአጎቴ አፍ ነው። እሳቸው እንደ ብዙው የጋይንት፣ የእስቴና የስማዳ ጎበዝ ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማ ወርደው የአንድ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን ረዳት ሆነው ቀሩ። ሲመለሱ ከብር ይልቅ ወሬ ይዘው መጡ።

«ትራክተር የሚገድለው ድንጋይ እንዳይመስልህ፤ አቧራ ነው» ይሉኝ ነበር። ሞተር አየር ይስባል። አቧራው ማጣሪያውን ካለፈ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ስለዚህ አጎቴ ጠዋት ጠዋት ከቁርሳቸው በፊት ዘይትና ውሃ ያያሉ። የአየር ማጣሪያውን ሳህን አውርደው ከሥሩ የረጋውን ጭቃ ያጥባሉ፤ አዲስ ዘይትም ይሞላሉ። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ተረት ነበር የምሰማው።

በ2001 ዓ.ም. ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን ለመንደራችን ያገለገለ የናፍታ ወፍጮ ገዛን። በግ ታረደ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። አጎቴ ግን ምግቡን ትተው ሞተሩ ላይ አጎነበሱ።

«ማጣሪያውን ማን ያጥባል? ዘይቱስ በስንት ሰዓት ይቀየራል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

የወፍጮ ቤት አቧራ የመተማን ያስንቃል፤ ዱቄቱ ራሱ አቧራ ነው። ሠራተኛው የዘይት መግዣ እንድንልክለት ሁለት ጊዜ ደወለ። «ይህ ወር ይለፍ» አልኩት፤ ሁለቴም። ዓመት ሳይሞላ ሞተሩ ነከሰና ቆመ።

አጎቴ ፈቱት። ማጣሪያው ውስጥ ዱቄትና ዘይት ተቦክቶ ደርቋል። የተሰበረ ፋሻ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንካ፤ የቆጠብከው ይኸውልህ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ያን ክረምት እናቴ በስተርጅና ወደ መጁ ተመለሰች። ጎረቤቶቿ እህላቸውን ተሸክመው ግማሽ ቀን ይሄዱ ጀመር። አንድም ሰው አልወቀሰኝም። ይህ ነው የከፋው።

እኛ ማስመረቅ እናውቅበታለን። ትምህርት ቤት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ምኑ ቅጡ! ሪባኑን የሚቆርጥ ሞልቷል፤ በማግስቱ ዘይቱን የሚያይ ግን የለም። ለዚያ ሥራ ደግሞ ጭብጨባ የለውም።

አሁን አዲስ ነገር ሲመረቅ ባየሁ ቁጥር መዳፌን ይበላኛል። እናንተስ፣ ያስመረቃችሁትን ዘይት አይታችሁታል?