ሳይለካ የቀረው ሙቀት

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሬሳ ማውራት ደስ አይልም። ነገር ግን የሬሳ ሙቀት አንዳንድ ጊዜ በሕይወት ያለውን ሰው ከወህኒ ሊያድን ስለሚችል፥ ጥቂት ደቂቃ ብትታገሠኝ አትጎዳም።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በብርጭቆ የተቀዳ ሻይ ከክፍሉ አየር ጋር እስኪስተካከል ድረስ እንደሚቀዘቅዝ ባስተማርሁ ቁጥር፥ «ሰውስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ሰውም ሲሞት ይቀዘቅዛል፤ ግን ልክ እንደ ሻይ አይደለም። 37 ዲግሪ ገደማ የነበረው የውስጥ ሙቀት መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ከዚያም በሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ በመጨረሻም መውረዱ ይዘገያል። የሰውነት ውፍረት፥ ልብስ፥ ነፋስና ውሃ ሒሳቡን ይለውጡታል። አየሩ ከ37 ዲግሪ በሚያልፍበት በዳሎል ቀትርማ፥ ሬሳው ጭራሽ ላይቀዘቅዝ ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሄንስገ የሬሳውን ክብደትና የአካባቢውን ሙቀት እያገናዘበ ባዘጋጀው የስሌት ሰንጠረዥ እንኳ፥ ግምቱ ቢበዛ ቢጠራ ወደፊትም ወደኋላም 2.8 ሰዓት ያህል ሊሳሳት ይችላል።

«እንዲህ ከሆነ መለካቱ ምን ይረባል?» ትል ይሆናል። መልሱን ከለንደን ላምጣልህ።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ ካትፎርድ በተባለው ሠፈር አንድ ቤት ሌሊት ተቃጠለ፤ በውስጡም ማክስዌል ኮንፌት የተባለ ሰው ታንቆ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሞች መጡ፤ ዳሩ ግን የሬሳውን የውስጥ ሙቀት ማንም አልለካም። የመጀመሪያው ሐኪም ሟቹ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳይሞት እንዳልቀረ ገመተ። ፖሊስ የ18፥ የ15 እና የ14 ዓመት ልጆችን ይዞ የእምነት ቃል ተቀበለ። ትልቁ ልጅ በዚያ ምሽት ሌላ ሥፍራ እንደ ነበረ የሚናገሩ ምስክሮች ነበሩት። በችሎት ግን የእሳቱ ግለት ሬሳውን ቶሎ አድርቆት ይሆናል ተባለና፥ የሞቱ ሰዓት ወደ እኩለ ሌሊት ተገፋ። ሦስቱም ተፈረደባቸው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1975 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ንጹሓን መሆናቸውን የመንግሥቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በፓርላማ የተናገረው ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ነው። በ1984 ዓ.ም. የወጣውን የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ካስከተሉት ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ጉዳይ ሆነ።

በዚያ ሌሊት የሬሳውና የክፍሉ ሙቀት ተለክቶ ቢጻፍ ኖሮ፥ ክርክሩ ወሰን ባገኘ ነበር። የአምስት ሰዓት ተኩል ስፋት ያለው ግምት ጠባብ ባይሆንም፥ ቁጥሩ ከተመዘገበ በኋላ ለከሳሽም ለተከሳሽም እንደ ልብ አይለጠጥም። ያልተለካው ግን ማንም ወደ ፈለገበት ይጎትተዋል።

እንግዲህ ተማሪ ከሆንህ ከመልስህ አጠገብ ስሕተቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ጻፍ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ከሆንህ ያየኸውን በሰዓቱ መዝግብ። ሬሳው እስከ ነገ ይቆይልህ ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን አይቆይም።