ካልሲው ይውለቅ

ሱሉልታ ውስጥ እግር ቢቀዘቅዝ ማንም አይደነግጥም። ከተማው ከእንጦጦ ማዶ ነው፣ ብርዱም የታወቀ ነው። ካልሲ ይደረባል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ በዚያው ይረሳል። በኩላሊት እጥበት ለሚኖር ሰው ግን ቅዝቃዜው ከአየሩ ላይሆን ይችላል። ወደ እግሩ ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ጠብበው ይሆናል።

የደከመ ኩላሊት ፎስፌትን ማስወገድ ያቅተዋል። ካልሲየምም በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ እየተጋገረ ቧንቧውን ያደርቀዋል። ስኳርና ደም ግፊት ሲታከሉበት ውስጡም ይጠብባል። ሌላ ሰው ቢሆን ዳገት ሲወጣ ባቱን እየያዘው፣ ቆም ሲል እየለቀቀው ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር። የእጥበት ታካሚ ግን ብዙውን ጊዜ ዳገት የሚወጣበት አቅም የለውም። ስኳር ነርቩን ካደነዘዘው ደግሞ ሕመሙም አይሰማውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ቁስል ነው፤ ጫማ የላጠው፣ ምላጭ የነካው፣ ወይም ያ ከሰል ሳይታወቅ ያቃጠለው።

አብዛኛው የእጥበት አገልግሎት ያለው አዲስ አበባ ነው። የሰበታ ሰው በዓለም ገና፣ የቡራዩ በአስኮ፣ የሱሉልታ በአዲሱ ገበያ አድርጎ ይገባል። እጥበቱ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል መሆን ሲገባው ብዙዎች ገንዘቡ ስለማይበቃቸው በ2 ይወሰናሉ። ታካሚው 4 ሰዓት ሙሉ እግሩን ዘርግቶ፣ ነርስ አጠገቡ እያለች! ክንዱ ላይ ፊስቱላ (ለእጥበቱ የተሠራ የደም ሥሮች መጋጠሚያ) ካለው ንዝረቱ በየቀጠሮው ይዳሰሳል። እግሩ ግን ከነካልሲው ጋቢ ውስጥ መጥቶ ከነካልሲው ሊመለስ ይችላል። የሚያንገበግበው ይህ ነው።

ምክንያቱ ቸልታ ብቻ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እጥበት ከጀመሩ 91 ታካሚዎች ከአንድ ዓመት በላይ በሕይወት የቆዩት 42.1 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ የእግር ጣት ነገር ማን ትዝ ይለዋል?

በ2015 እ.ኤ.አ. ግን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። አዲሱ ኩላሊት የሚሰፋው ዳሌ ውስጥ፣ ወደ እግር ከሚወርደው ደም ቅዳ ጋር ነው። ያ ቧንቧ በካልሲየም ከደረቀ ቀዶ ሐኪሙ መስፊያ ቦታ ሊያጣ ይችላል። እግር ሳይታይ የቆየበት ዓመት እዚህ ድረስ ዋጋ ያስከፍላል።

እግርን ለመመርመር የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ለክንዱ አካፍሎ ማነጻጸር የተለመደ ነው፤ ውጤቱ 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠብቧል ማለት ነው። የደረቀ ቧንቧ ግን በመለኪያው ጨርቅ አይጨመቅም፤ ቁጥሩ ከ1.4 ሊያልፍ፣ ወይም ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። ለእነዚህ ታካሚዎች በእግር አውራ ጣት ላይ መለካት ይሻላል።

መለኪያ በሌለበትም እጅ አለ። ካልሲውን አውልቆ በጣቶቹ መካከል ማየት፣ ሁለቱን እግሮች ማነጻጸር፣ የእግሩን አናትና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለውን የደም ትርታ መዳሰስ። የእጥበት ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።