«ፎልደሩ ባዶ ነው» የተባልን ቀን



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ኢሜይል ነው። ከመስጂድ ሰው ይህ ይጠበቃል ወይ ትሉ ይሆናል። ግን በአንዲት ጭረት ምክንያት የአንድ ወንድማችንን ክብር ልንነካ ትንሽ ቀርቶን ስለነበር ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ወደ መስጂዳችን ዘካ ሲላክ የባንክ ማስረጃው በኢሜይል ይመጣል። እነዚህን የሚያደራጅልን በነጻ የሚያገለግል ወጣት ነው። ለየዓመቱ ፎልደር ይከፍትና የሒጅራውንና የሀገራችንን ዘመን አንድ ላይ አድርጎ «ዘካ 1445/2016» ብሎ ይሰይመዋል። «የጽ/ቤት ደብዳቤዎች» የሚልም አለ፤ «ሰደቃ & የቲሞች» የሚልም። ለማንም የሚገባ፣ ለዓይንም ያማረ ስም ነው።

በ1446 ሻዕባን ላይ ኢሜይሉን ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ አዛወርነው። ከቀናት በኋላ ለረመዷን የተቀባዮችን ዝርዝር ልናዘጋጅ ስንከፍተው «ዘካ 1445» የሚል ፎልደር አገኘን፤ ውስጡ ባዶ። አንድም ደብዳቤ የለም። «ሰደቃ & የቲሞች» ደግሞ ስሙም ጠፍቷል።

አምስት ነበርን። ሁላችንም በልባችን ያሰብነው አንድ ነገር ነው፦ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ያ ልጅ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ማን አጠፋው?» አለ። «ምን ሆኖ ጠፋ?» አላለም። ልዩነቱን ያስተዋልነው በኋላ ነው። እኛ እኮ ወሬን ማጣራትና ከመጥፎ ጥርጣሬ መራቅ የታዘዘባትን ሱረቱል ሑጁራትን በቃላችን ይዘን ሕፃናትን የምናስቀራ ሰዎች ነን! ሱብሓነላህ።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልተቆጣም። «ሸይኽ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ይስጡኝ» አለ። በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ መጣ።

ያስረዳን እንዲህ ብሎ ነው። የኢሜይል ሰርቨር አንድን ፎልደር በውስጡ ካለው ሌላ ፎልደር የሚለይበት ምልክት አለው። አንዳንዱ ነጥብ (.) ይጠቀማል፤ አንዳንዱ እዝባር (/)። የቀድሞው ሰርቨራችን በነጥብ ስለሚለይ እዝባር ለእሱ እንደማንኛውም ፊደል ነበረች። ለአዲሱ ግን እዝባር ማለት «ወደ ውስጥ ግባ» ማለት ነው። ስለዚህ «ዘካ 1445» የሚል ፎልደር ከፈተ፣ በውስጡ «2016» የሚል ሌላ ሠራ፣ ደብዳቤዎቹንም በሙሉ እዚያ አስቀመጠ። የእኛ ፕሮግራም ደግሞ እንዲያሳይ የተመረጡለትን ፎልደሮች ብቻ ስለሚያሳይ «2016» ከዓይናችን ተሰወረ። «የጽ/ቤት ደብዳቤዎች»ም «የጽ» በሚል እናት ሥር «ቤት ደብዳቤዎች» ሆኖ ተገኘ። ወላሂ፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆነን ሳቅን።

አማርኛችን እዝባር ይወዳል። ወ/ሮ፣ ጽ/ቤት፣ ጠ/ሚኒስትር፤ ለእኛ ማሳጠሪያ ናት። ማሽኑ ይህን ከየት ይወቀው?

የ«&» ነገር ደግሞ ይለያል። ኢሜይልን ከሰርቨር ለማንበብ የሚያገለግለው አይማፕ የሚባል ሥርዓት የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንቡ እንደ ግዕዝና ዐረብኛ ላሉ ፊደሎች አንድ ዘዴ አበጀ፦ «&» ሲመጣ ከዚያ በኋላ ያለው ምስጢራዊ ኮድ ነው፣ ሰረዝ (-) ሲመጣ ኮዱ አለቀ። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ ሲገባ ሁሌም ከ«&» ቀጥሎ በላቲኑ «ኢ» ነው የሚጀምረው። ልጁ በስክሪኑ ላይ አሳየን፤ «ዘካ» የሚለው ቃል ማንም የማያነበው ሆኗል። እንግዲህ ራሱን «&»ን በስም ውስጥ መጻፍ የፈለገ ሰው ኮድ እንዳይመስል ወዲያው ሰረዝ ሊከተለው ይገባል። ማዛወሪያው ፕሮግራም ያቺን ሰረዝ ዘለላት። አዲሱ ሰርቨር «ስሙ የተበላሸ ነው» ብሎ መለሰው፤ ፎልደሩም በቀድሞው ሰርቨር ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አዲስ ደንብ የፎልደር ስም ያለ ኮድ በቀጥታ መጻፍ ይችላል፤ ግን በአሮጌው የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

ይህን ስንሰማ መድረሳ ትዝ አለን። ባ፣ ታ እና ሣ አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በነጥብ ነው። ነጥቧን የዘለለ ልጅ ሌላ ቃል እንዳነበበ ኡስታዛችን በአለንጋ ያስታውሱት ነበር። ነጥብን በቀላሉ ማየት የለብንም የምንለው እኛ፣ የፎልደር ስም ላይ ስንደርስ ሁሉንም ምልክት እንደ ጌጥ ቆጠርነው።

የቀድሞው አካውንት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ተገኘ። አሁን ስሙ «ዘካ 1445-2016» ነው። «ጽሕፈት ቤት»ን ሳናሳጥር እንጽፋለን። በ«&» ፈንታ «ሰደቃና የቲሞች» አልን፤ «ና» እያለልን ለምን እንደተበደርን እንጃ። ደብዳቤዎችን ወደ ኮምፒውተር የምታወርዱ ደግሞ ዊንዶውስ በፎልደር ስም ውስጥ ኮከብ (*)፣ የጥያቄ ምልክት (?) እና ሁለት ነጥብ (:) እንደማይቀበል ልብ በሉ።

ከዙህር በኋላ አምስታችንም ልጁን ጠራነውና ያሰብነውን ሳንደብቅ ነግረን አውፍ በለን አልነው። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የይለፍ ቃሉን ጻፈና፣ «አውፍ ብያለሁ። ይሄ ግን ካዝናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሁለተኛ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር እንዳይኖር» አለን።