ከቤታችን ውጭ የበላነው ቁርስ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቁርስ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኛን ግን ብዙ ያሳሰበን ስለሆነ፣ በቅርቡ ወደ አገራችን ለገባችሁ ቤተሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን ጻፍነው።

ልጃችን የውትድርና አገልግሎቷን ጨርሳ ሥራ ከገባች በኋላ የመጀመሪያ ደመወዟን እንደ ተቀበለች፣ «ዓርብ ጠዋት ቁርስ እጋብዛችኋለሁ፤ እማማንም ይዛችሁ ኑ» አለችን። ዓርብ እዚህ አገር ብዙ ሰው ሥራ የማይገባበት ቀን ስለሆነ፣ ሰንበት ሳይገባ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ቁርስ ቤት መቀመጥ የተለመደ ነው። እኛ ግን በግንቦት 1991 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በሰሎሞን ዘመቻ ከገባን ጀምሮ አንድም ዓርብ እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም። የምግብ ቤት ኩሽና እናውቃለን፤ ሳህን አጥበናል፣ ወለል ወልውለናል። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ግን የሌላ ሰው ነገር ይመስለን ነበር።

ከሁሉ የከበደው እናታችንን ማሳመን ነበር። እርሷ በጎንደር ገጠር ባደገችበት ዘመን ቤተ እስራኤል ባዕድ ያበሰለውን አይበላም፤ ሌላው ያረደውን ሥጋ አይቀምስም፤ ከሌላ ሕዝብ ጋር የተነካካ ሰው ሳይታጠብ ወደ ሰፈሩ አይገባም ነበር። «አትንኩኝ» ያሰኘንም ይኸው ነው። «ቤት እያለኝ፣ እጄም ጤነኛ ሆኖ፣ ለምን የማላውቀው ሰው ያበሰለውን ገዝቼ እበላለሁ?» አለች። ልጅቷ ግን «እማማ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ አብልተሽናል፤ አንድ ቀን እኔ ላብላሽ» ስትላት ዝም አለች፤ ቆይታም ነጠላዋን ለበሰች።

ቁርስ ቤቱ እዚሁ ቂርያት ጋት ውስጥ ነው፤ አዲስና ያማረ ቤት ነው። እናታችን በሩ ላይ ቆመች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የካሽሩት ምስክር ወረቀት አይታ «ይህ ምን ይላል?» አለች። ልጃችን አነበበችላት፤ የራቢነቱ ማኅተም አለበት፣ ቀኑም አላለፈም፣ ቤቱ «ሐላቪ» ነው፤ ማለት ወተትና የወተት ውጤት ይቀርብበታል እንጂ ሥጋ አይገባበትም። ከዚያ ወዲያ ባለ ሁለት እጀታውን የእጅ መታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ስታይ፣ «እንግዲያው የሚታጠቡ ሰዎች ናቸው» ብላ ገባች።

የምግቡ ዝርዝር መጽሐፍ ያህላል። በኡልፓን የተማርነው ዕብራይስጥ እዚያ ላይ ሲደርስ ከዳን። ፊደሉን እናነባለን፤ የምግቡን ስም ግን አናውቀውም። ወረቀቱን አራቅነው፣ አቀረብነው፣ በመጨረሻም ለልጃችን ሰጠናት። ይህን ስሜት እናንተም ታውቁታላችሁ። በባንክ፣ በኩፓት ሖሊም፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ ልጅ ይናገራል፣ ወላጅ ይቀመጣል። ለሁለት ሰው 140 ሸቀል የሚለውን ግን ያለ አስተርጓሚ አነበብነው፤ በልባችንም ወደ ጤፍ ዱቄት መነዘርነው።

አስተናጋጇ መጥታ እንቁላሉ እንዴት ይሠራላችሁ ስትል፣ እናታችን «ዓይን» የሚል ቃል ሰማች። «የማን ዓይን ነው የሚበላው?» ብላ ደነገጠች። ልጃችን በሳቅ ፈረሰች። «ቤይጻት ዓይን» የሚባለው አስኳሉ ሳይፈርስ የተጠበሰ እንቁላል ነው፤ ተመትቶ የሚጠበሰው ደግሞ «ሐቪታ» ይባላል። በዕብራይስጥም በአማርኛም ዓይን ያው ዓይን መሆኑ እናታችንን ደስ አሰኛት፤ «እኔም ዓይኑን» ብላ ራሷ አዘዘች።

ከዚያ ትንንሽ ሳህኖች ይደረደሩ ጀመር። ደቅቆ የተከተፈ ቲማቲምና ኪያር፣ ነጭ አይብ፣ የወይራ ፍሬ፣ ቱና፣ ቅቤ፣ ማርማላታ፣ ትኩስ ዳቦ፣ በመጥበሻው እንዳለ የቀረበ ሻክሹካ። ጠረጴዛው አልበቃ አለ። እናታችን ገበታውን አይታ «ምን ሲያርስ ያደረ ሰው ነው ይህን ሁሉ የሚበላው?» አለች።

ሳታውቀው እውነቱን ነው የተናገረችው። የእስራኤል ቁርስ የሚባለው ገበታ የመጣው ከኪቡጽ ነው። የኪቡጽ ሰዎች ፀሐይ ሳትበረታ ወደ እርሻ ወጥተው ጥቂት ሰዓት ከሠሩ በኋላ ወደ ጋራ መመገቢያ አዳራሽ ተመልሰው፣ ከማሳቸውና ከበረታቸው የተገኘውን አትክልት፣ እንቁላልና አይብ ይበሉ ነበር። ሆቴሎቹ ከእነርሱ ወስደው ለእንግዳ አቀረቡት። በአገራችንስ ገበሬው በማለዳ በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ ረፋዱ ላይ ምግቡ በአገልግል ይመጣለት አልነበረም? እኛን ያስፈራን ገበታ የአራሽ ምግብ ነው።

ሻክሹካም እንዲሁ ነው። ከቱኒዚያና ከሊቢያ የመጡ አይሁድ ይዘውት የገቡት የቤት ምግብ ነው። ከተማችን ቂርያት ጋት በ1955 ስትቆረቆር፣ ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከሞሮኮ የመጡ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። ያን ጊዜ አገሪቱ ከ1949 እስከ 1959 በቆየው የቁጠባ ዘመን ላይ ነበረች፤ ምግብ በራሽን ይታደል፣ በእንቁላል ፈንታ የእንቁላል ዱቄት ይበላ ነበር። የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ወጋቸውን የሚንቅባቸው አላጡም። ዛሬ ሻክሹካ የሌለበት ቁርስ ቤት ማግኘት ይከብዳል።

በአጠገባችን የተቀመጡት ወጣቶች የበሉት ደግሞ ዳቦ ላይ የተደመሰሰ አቮካዶ ነበር። ልጃችን ይህ የአውስትራሊያ ፋሽን ነው አለችን። በሲድኒ ቢል ግሬንጀር የሚባል ሰው በ1993 በከፈተው ቁርስ ቤት ካስለመዱት አንዱ ነው ይባላል። እንግዲህ ከሩቅ የመጣው ምግብ ሁሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

እናታችን ሹካውን ትታ ሻክሹካውን በዳቦ እየጠቀለለች መብላት ጀመረች። ልጃችን ቀስ ብላ «እማማ፣ ሹካ አለ» አለቻት፤ ግራ ቀኝም አየች። በዚያች ደቂቃ አንገታችንን ደፋን። ልጃችን በእኛ አፍራ ይሆን? በጓሮ ጠረጴዛ በኩል ግን አንድ ሽማግሌ፣ ኪፓቸውን አድርገው፣ መጥበሻቸውን በዳቦ እየጠረጉ ይበሉ ነበር። ልጃችንም አየቻቸው። እናታችን ከዚህ ሁሉ ምንም ሳታውቅ ዳቦውን አጥቅሳ፣ እንቁላሉን ጨምራ፣ እጇን ዘረጋችላት። ልጃችን ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ጉርሻውን ተቀበለች። «አንድማ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛውም ተከተለ።

ቡናው «ሀፉኽ» ይባላል፤ የተገለበጠ ማለት ነው፤ ወተት ይበዛበታል። እናታችን ጠጥታ ጨረሰችና ቶናውን ጠበቀች። እንደማይመጣ ሲነገራት «ቡናቸው አቦል ብቻ ነው?» ብላ አዘነችላቸው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። የካሽሩት ወረቀቱንና ቀኑን ተመልከቱ። ሳታዝዙ ዋጋውን አንብቡ፤ ለሁለት ሰው የሚቀርበው ቁርስ ብዙ ነው፣ ሦስት ሰው ቢካፈለውም አያሳፍርም። የተረፈውን «ለቃሐት» ብትሉ አሽገው ይሰጧችኋል። ሒሳቡ ላይ «ሎ ኮሌል ሼሩት» የሚል ካለ የአስተናጋጁ ድርሻ አልተጨመረም ማለት ነው፤ ከመቶ 10 እስከ 15 መተው የተለመደ ነው። እኛ ስንሰላ እናታችን «ለልጅቷ ጨምሩላት፤ ቆማ ነው የዋለችው» አለች። እኛም ኩሽና ውስጥ ያሉትን አሰብን፤ ጨመርንም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናታችን የልጃችንን ክንድ ይዛ ትሄድ ነበር። «ጥሩ ነው፤ የሚመጣው ዓርብ ግን እኔ ነኝ የምጋብዘው። ዳቦ እደፋለሁ፤ ቡናውም እስከ በረካ ነው። ጓደኞችሽንም ጥሪ» አለቻት። ልጃችንም ስልኳን አውጥታ ትጠራቸው ጀመር።

ሻባት ሻሎም።